ማሽኑን ወደማያውቀው ሜዳ

እ.ኤ.አ. ሜይ 6 ቀን 1997፣ ኒውዮርክ። በኢኩዊተብል ሕንፃ 35ኛ ፎቅ ላይ የዓለም የቼዝ ሻምፒዮን ጋሪ ካስፓሮቭ ነጭ ጠጠሮቹን ይዞ ተቀምጧል። ከፊቱ የተቀመጠው ሰው ተጋጣሚው አይደለም። ዲፕ ብሉ የተባለው የአይቢኤም ኮምፒውተር የሚሰጠውን እርምጃ ከስክሪን እያነበበ ሰሌዳው ላይ የሚያንቀሳቅስ መሐንዲስ ነው። ተመልካቹ በሕንፃው ታችኛው አዳራሽ ውስጥ ሆኖ ጨዋታውን በትልልቅ ስክሪኖች ይከታተላል። ውጤቱ አንድ ለአንድ ነው። ካስፓሮቭ እጁን ዘረጋና ከንግሥቲቱ ፊት የቆመውን ወታደር አንድ ቤት ብቻ ገፋው።

ቼዝ ለሚያውቅ ሰው ይህ እንግዳ ነገር ነው። ካስፓሮቭ ስሙን ያስጠራው ከመጀመሪያዋ እርምጃ አንስቶ መሐል ሜዳውን እየያዘ፣ ተጋጣሚውን ፋታ እየነሳ በመጫወት ነው። እንዲህ ያለ ሰው ወታደሩን ፈራ ተባ እያለ አንድ ቤት ገፍቶ ሲጠብቅ ማየት አድናቂዎቹን ደስ አላሰኘም። እሱ ግን የሚያደርገውን ያውቃል። ኮምፒውተሩ ግራንድማስተሮች ያሰናዱለት የመክፈቻ ማኅደር አለው። በታወቀው መንገድ ከተሄደለት የሰው ልጅ ለዘመናት ያጠራቀመውን የቼዝ እውቀት ከማኅደሩ እየቀዳ ያለ አንዳች ስሌት ብዙ እርምጃ ይጓዛል። ባልታወቀ መንገድ ከተወሰደ ግን ማኅደሩ ቶሎ ያልቅበትና በራሱ ማሰብ ይጀምራል። የካስፓሮቭ ፍላጎትም ማሽኑ ያለ ድጋፍ፣ ጠላትም ዒላማም በማይታይበት ጸጥ ያለ ሜዳ ላይ እንዲቆም ነበር።

የቼዝ ሰዎች ይህን ፀረ ኮምፒውተር ስልት ይሉታል። ስልቱ ባለበት ሁሉ አንድ ጥያቄ ይከተለዋል፦ ማሽኑን ወደማይገባው ቦታ ጎትቶ ማሸነፍ ጨዋነት ነው? ያሸነፍኩት በቼዝ ነው ወይስ በአንድ ዕቃ ጉድለት ተጠቅሜ? ጥያቄውን የሚያነሱት ሰዎች ቅን ናቸው፤ መልሱ ግን ብዙ ጊዜ ሳይመረመር ይታለፋል። እኔ ይህን ታሪክ የተከታተልኩት ፍትሕ ማለት ለማን መሆኑን ለማወቅ ነው።

ማሽኑ እንዴት እንደሚያይ ሳይታወቅ ስልቱን መዳኘት አይቻልም። ዲፕ ብሉ በሰከንድ 200 ሚሊዮን ያህል የሰሌዳ አቀማመጦችን ይመረምር ነበር። እኔ እዚህ ብሄድ እሱ እዚያ ቢመልስ እያለ መንገዱን ሁሉ ይቆጥራል፤ ዓይኑ እስከሚደርስበት ጥግ ሲደርስም ለእያንዳንዱ አቀማመጥ ነጥብ ይሰጣል። ችግሩ ያለው ከዚያ ጥግ ወዲያ ነው። ራሱ በደብዳቤ በሚደረግ ቼዝ የዓለም ሻምፒዮን የነበረው የኮምፒውተር ሳይንቲስት ሃንስ በርሊነር ይህን ችግር በ1970ዎቹ መጀመሪያ ላይ በግልጽ አስቀምጦታል። ማሽኑ የማይቀርለት ጥፋት ከፊቱ ሲመጣበት ጥፋቱን ለጥቂት እርምጃ የሚያዘገይ ከንቱ ቼክ ወይም ከንቱ መስዋዕት ይፈልጋል። ጥፋቱ ከዓይኑ ክልል ሲወጣ የዳነ ይመስለዋል። ያልዳነ መሆኑን የሚያውቀው ዘግይቶ፣ ያንን ሁሉ ጠጠር ካባከነ በኋላ ነው።

ሰው የሚያየው በሌላ መንገድ ነው። ወታደሮቹ ተጠላልፈው የተዘጋ ሰሌዳ ላይ ጥሩ ተጫዋች ብዙ አይቆጥርም። “ይህ ፈረስ ከሃያ እርምጃ በኋላ እዚያ ቤት ላይ ከቆመ ጨዋታው አለቀ” ብሎ ያቅድና ቀስ እያለ ይጓዛል። በዚያ ዘመን የነበረ ማሽን ሃያ እርምጃ ርቆ የተቀመጠውን ዕቅድ ሊያየው አይችልም፤ ስለዚህ አደጋ የለም ብሎ ጠጠሮቹን ወዲያና ወዲህ ያመላልሳል። ስልቱ ከዚህ ልዩነት የተወለደ ነው። ሰሌዳውን መዝጋት፣ ንግሥቶቹን ቶሎ መለዋወጥ፣ ከታወቀው መክፈቻ መውጣት፣ ግጭት ሳይፈጥሩ ኃይል ማጠራቀም፤ ፍሬ ነገሩ ይኸው ነው።

ይህን በተግባር ካሳዩት ቀደምት ሰዎች አንዱ ስኮትላንዳዊው ዴቪድ ሌቪ ነው። በ1968 በኤድንብራ፣ ከሰው ሠራሽ ልህቀት መሥራቾች አንዱ ከሆነው ከጆን ማካርቲ ጋር ተወራረደ፤ በአሥር ዓመት ውስጥ እኔን በግጥሚያ የሚረታ ኮምፒውተር አይመጣም አለ። ሌሎች ምሁራንም ገቡበትና ውርርዱ 1,250 ፓውንድ ደረሰ። ቀኑ ሲደርስ፣ በ1978 ክረምት ቶሮንቶ ላይ፣ በዘመኑ ከነበሩት ሁሉ ብርቱ የሆነው ቼዝ 4.7 የተባለው የኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ ፕሮግራም ቀረበለት። ሌቪ የተከተለው መርሕ ምንም አለማድረግና ያንንም በደንብ ማድረግ ነበር። አያጠቃም፣ አይነካም፤ ማሽኑ ራሱ ቀዳዳ እስኪከፍት ይጠብቃል። በ3.5 ለ1.5 አሸነፈ።

ከዚያ ግጥሚያ ውስጥ እኔን የሚስበኝ ግን ሌቪ የተሸነፈባት አራተኛዋ ጨዋታ ናት። በዚያች ጨዋታ ሌቪ መርሑን ሆን ብሎ ተወ። የላትቪያ ጋምቢት የተባለውን፣ ከሁለተኛው እርምጃ ጀምሮ ሰሌዳውን እሳት የሚያደርገውን መክፈቻ መርጦ ማሽኑን በገዛ ሜዳው፣ በስሌት ሜዳ ላይ ገጠመው። ተሸነፈም። ኮምፒውተር አንድን ኢንተርናሽናል ማስተር በመደበኛ የግጥሚያ ጨዋታ ሲረታ ያች የመጀመሪያዋ ሆነች። አምስተኛዋን ጨዋታ ወደ ስልቱ ተመልሶ አሸነፈና ውርርዱን ወሰደ። እንግዲህ ሌቪ ጨዋ የነበረው በየትኛዋ ጨዋታ ነው? በአራተኛዋ ብቻ ነው የሚል ሰው ካለ፣ ጨዋነት ማለት ተጋጣሚ በሚበረታበት ቦታ መጋጠም ነው ማለቱ ነው። ሰው ከሰው ጋር ሲጫወት ግን እንዲህ ያለ ሕግ ኖሮ አያውቅም።

የ1961ዱን የዓለም ሻምፒዮና እንይ። ከአንድ ዓመት በፊት ወጣቱ ሚካኤል ታል፣ ጠጠር እየሠዋ በሚፈጥረው ትርምስ፣ ሚኻይል ቦትቪኒክን ከዙፋኑ አውርዶታል። ቦትቪኒክ በሃምሳ ዓመቱ አካባቢ ለመልስ ግጥሚያ ሲመጣ ጨዋታውን ወደ ጸጥተኛ አቀማመጥ፣ ጥቂት ጠጠር ወደሚቀርበት የመጨረሻ ምዕራፍ እየወሰደ ታልን እሳት የሚለኩስበት ጭራሮ አሳጣው። 13 ለ8 ረታው። ይህን ጨዋነት የጎደለው ያለ ሰው አልሰማሁም፤ የዝግጅት ጥበብ ተብሎ ዛሬም ይጠናል። በ2000 ለንደን ላይ ደግሞ ቭላዲሚር ክራምኒክ ካስፓሮቭን ራሱን በበርሊን መከላከያ አፍኖ ያዘው። ንግሥቶቹ ገና በጠዋቱ ከሰሌዳ ይወርዳሉ፣ የካስፓሮቭ የማጥቃት ኃይል ይደርቃል። ካስፓሮቭ በዚያ ግጥሚያ አንድም ጨዋታ ሳያሸንፍ፣ በ8.5 ለ6.5 ውጤት ዘውዱን አጣ። ንግሥትን ቶሎ ለዋውጦ ጨዋታውን ማቀዝቀዝ ኮምፒውተርን ለመግጠም የሚመከረው ስልት ራሱ ነው። ካስፓሮቭ ላይ ሲሠራ ሊቅነት የተባለው ነገር ማሽን ላይ ሲሠራ ማጭበርበር የሚባልበት ምክንያት አይታየኝም።

የሀገራችን ቼዝ የሆነው ሰንጠረዥም በዚህ ጉዳይ የሚለው አለው። የታሪክ ተመራማሪው ሪቻርድ ፓንክረስት ስለ ሰንጠረዥ አሰባስበው እንደጻፉት ጨዋታው የሚጀመረው ያለ ተራ ነው። የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱም ወገኖች በአንድ ጊዜ እንደፈለጉ ጠጠሮቻቸውን ያሰልፋሉ። ጎበዝ ተጫዋች በዚያ ጊዜ ዓይኑ ያለው በባላንጣው አሰላለፍ ላይ ነው፤ እያየ የራሱን ይለውጣል። ተጋጣሚን አጥንቶ በእሱ ልክ መሰለፍ የሰንጠረዥ የመጀመሪያ ምዕራፍ ራሱ ነበር ማለት ነው። በሌላ በኩል ሰንጠረዥ ለአሸናፊው ክብር ደረጃ ነበረው። በብርቱ ጠጠሮች፣ በግንብ ወይም በፈረስ፣ ንጉሥ መማረክ ያን ያህል አያስመሰግንም፤ በደካማ ጠጠሮች ተቀናጅቶ መርታት ግን ያስከብራል። ድል ድል ነው፣ ድሉ ግን እኩል አይወደስም። ይህ ልዩነት ለጥያቄያችን የሚጠቅም ይመስለኛል፤ ምክንያቱም ፀረ ኮምፒውተር ስልትን የሚነቅፉ ብዙ ሰዎች ሳያስቡት ሁለቱን ይደባልቃሉ። የማያምር ነውና ፍትሐዊ አይደለም ይላሉ።

የዓለም ቼዝ ፌዴሬሽን ሕግ በዚህ ላይ ግልጽ ነው። ተጋጣሚን በማናቸውም መንገድ ማወክና ትኩረቱን መንሳት ክልክል ነው፤ ጨዋታውን የሚያዋርድ ድርጊት ክልክል ነው፤ በጨዋታ መሐል ከኤሌክትሮኒክ መሣሪያ እርዳታ መቀበል ክልክል ነው። ሕጋዊ እርምጃን ግን የታሰበበትን ዓላማ ጠይቆ የሚከለክል አንቀጽ የለም። አንዲት ወታደር አንድ ቤት ስትገፋ፣ የተገፋችው ለውበት ይሁን ለማደናገር፣ ያው አንድ ቤት ነው።

ስለዚህ እርምጃዎቹን ትቼ በሰሌዳው ዙሪያ የቆሙትን ሰዎች ማየት ጀመርኩ፤ እውነተኛው የፍትሕ ጥያቄ የተደበቀው እዚያ ነውና።

በ1997 ዲፕ ብሉ ማለት ራሱ ፀረ ካስፓሮቭ መሣሪያ ነበር። ፌንግ ሢዩንግ ሱ፣ መሪ ካምቤልና ጆ ሆን የሠሩትን ማሽን ግራንድማስተር ጆኤል ቤንጃሚን በቼዝ እውቀት ሲገራው ቆይቷል፤ ሚጌል ኢዬስካስን ጨምሮ ሌሎች ግራንድማስተሮችም መክፈቻ ያዘጋጁ ነበር። የካስፓሮቭ ጨዋታዎች ከልጅነቱ ጀምሮ ታትመው የማንም ንብረት ሆነዋል። እሱ ግን የአዲሱን ዲፕ ብሉ የልምምድ ጨዋታዎች ጠይቆ አላገኘም። በየጨዋታው መካከል ባለሙያዎቹ ፕሮግራሙን ማስተካከል ይፈቀድላቸው ነበር። ካስፓሮቭ ማክሰኞ የሚገጥመው ማሽን እሑድ የገጠመው ስለመሆኑ ማረጋገጫ አልነበረውም።

እንግዲህ ወደማይታወቅ ሜዳ ማን ማንን ጎተተ? ካስፓሮቭ ወታደሩን አንድ ቤት የገፋው ከፊቱ የቆመውን ስለማያውቅ ነው። በዓይነ ስውር ሁኔታ ላይ ያለ ሰው ሊይዘው የሚችለው ብቸኛ እውቀት፣ ኮምፒውተሮች በጠቅላላው እንዲህ ናቸው የሚለው ግምት ነበር። ያ ግምት ደግሞ በሁለተኛዋ ጨዋታ ተሰብሮ ነበር። በዚያች ጨዋታ ዲፕ ብሉ ወታደር ለመብላት የሚያስችል ዕድል ሲከፈትለት አልቸኮለም፤ በጸጥታ ቤቱን ዘግቶ የካስፓሮቭን መውጫ ቀዳዳ ደፈነ። ማሽን እንዲህ አይጫወትም ብሎ የሚያምነው ሻምፒዮን ደነገጠ። ተስፋ ቆርጦ እጅ ሰጠ፤ በማግስቱ ተንታኞች በተደጋጋሚ ቼክ አቻ መውጣት የሚችልበት መንገድ እንደነበረ ነገሩት። ሦስተኛዋ ጨዋታ፣ ያች የአንድ ቤት ወታደር ጨዋታ፣ የተጀመረችው በዚህ ቁስል ላይ ነው። 48 እርምጃ ሄዳ በአቻ አለቀች።

ስድስተኛዋና የመጨረሻዋ ጨዋታ የባሰች ናት። ካስፓሮቭ ካሮ ካን በተባለው መከላከያ ውስጥ አደገኛነቱ የታወቀ የወታደር እርምጃ ተጫወተ። ነጩ ፈረሱን ሠውቶ ንጉሡን መሐል ላይ ሊያስቀረው ይችላል፤ ኮምፒውተር ግን ወዲያው የሚቆጠር ትርፍ ለሌለው ጥቃት ፈረስ አይሠዋም ብሎ የተማመነ ይመስላል። ዲፕ ብሉ ፈረሱን ሠዋ። አላሰበበትም፤ የመክፈቻ ማኅደሩ አዘዘው። ኢዬስካስ ከዓመታት በኋላ በሰጠው ቃለ ምልልስ ይህን ትእዛዝ በዚያው ቀን ጠዋት ማኅደሩ ውስጥ እንዳስገቡት ተናግሯል። ካስፓሮቭ በ19 እርምጃ ተሸነፈ፤ ግጥሚያው በ3.5 ለ2.5 አለቀ። አይቢኤም የመልስ ግጥሚያ አልሰጠም፤ ማሽኑም ተፈታታ። ካስፓሮቭ የጠየቀው የማሽኑ የስሌት መዝገብ በይፋ የወጣው ዘግይቶ ነው። እሱም በ2017 ባሳተመው መጽሐፉ የድሮ ክሱን በእጅጉ አለዝቦ ማሽኑንና ሠሪዎቹን ይበልጥ በአክብሮት አይቷቸዋል።

እኔ አይቢኤም ሕግ ጣሰ አልልም። ውሉን ካስፓሮቭ ፈርሟል። የምለው ይህን ነው፦ በዚያ ግጥሚያ ውስጥ ጎደሎ ሆኖ የተሰማን ነገር ካለ የመጣው ከወታደሯ እርምጃ አይደለም። የመጣው አንዱ ወገን ሌላውን ከራስ ጠጉሩ እስከ እግር ጥፍሩ እያወቀ ሌላው በጨለማ እንዲገጥም ከመደረጉ ነው።

ይህ ሊስተካከል እንደሚችል ቀጥለው የመጡ ውሎች አሳይተዋል። በ2002 በባሕሬን ክራምኒክ ዲፕ ፍሪትዝን ሲገጥም የፕሮግራሙ ቅጂ ቀድሞ ተሰጥቶት ተለማምዶበታል። ስልቱ ያው የበርሊን ስልት ነበር፣ ንግሥት መለዋወጥና ጸጥታ። ሁለተኛዋንና ሦስተኛዋን ጨዋታ እንደ ልምምድ አሸነፈ። ከዚያ በአምስተኛዋ ተሳሳተ፤ በስድስተኛዋ ደግሞ ስልቱን ትቶ ለውበት ሲል ፈረስ ሠውቶ ተረታ። ግጥሚያው 4 ለ4 አለቀ። ፈረሱን በመሠዋቱ ብዙዎች አከበሩት፣ እኔም አከብረዋለሁ፤ ነገር ግን ያ እርምጃ ከሁለተኛዋ ጨዋታ ይበልጥ ፍትሐዊ ነው የሚል ሰው ይሞግተኝ።

በ2006 በቦን ውሉ ይበልጥ ተራመደ። ፍሪትዝ በመክፈቻ ማኅደሩ ውስጥ እስካለ ድረስ ክራምኒክ ማኅደሩን በስክሪን እያየ ይጫወት ነበር። ማሽኑ መጽሐፍ ገልጦ የሚጫወት ከሆነ ሰውዬውም ገጹን ይይ፤ ከዚህ የበለጠ ፍትሐዊ ዝግጅት አላውቅም። ክራምኒክ ግን 4 ለ2 ተሸነፈ፤ በሁለተኛዋ ጨዋታ በአንድ እርምጃ የሚመጣበትን ማት ሳያይ ቀርቶ። ፍትሐዊ ውል ለሰው ድል ዋስትና አይሰጥም። ሽንፈቱ ግን ማንም ጥርጣሬ ያልጨመረበት ንጹሕ ሽንፈት ሆነ።

የስልቱን ጥግ ለማየት ከፈለጉ በ2008 ሂካሩ ናካሙራ ከራይብካ ጋር በኢንተርኔት ያደረገውን የሦስት ደቂቃ ጨዋታ ይመልከቱ። ራይብካ በወቅቱ ከዓለም ፕሮግራሞች ሁሉ ብርቱ ተብሎ የሚጠራ ነበር። ናካሙራ ሰሌዳውን ከዳር እስከ ዳር በወታደር ግንብ ዘጋውና ጠጠሩን ወዲያና ወዲህ ያመላልስ ጀመር። በቼዝ ሕግ 50 እርምጃ ወታደር ሳይንቀሳቀስና ጠጠር ሳይበላ ካለፈ አቻ መጠየቅ ይቻላል። ራይብካ እየመራሁ ነው ብሎ ስለሚያምን አቻውን አልፈለገም፤ ቁጥሩ 50 ሊሞላ ሲቃረብ አቻውን ለማምለጥ የገዛ ግንቡን አፈረሰ። ናካሙራ በ271 እርምጃ አሸነፈ፤ መጨረሻ ላይ ወታደሮቹን ንግሥት ማድረግ ሲችል ጳጳስ ያደርጋቸው ነበር።

በዚህ የተቆጡ አሉ። ማሽኑን ማሾፊያ ማድረግ ነው ይላሉ። ጳጳሶቹ እኔንም ደስ አይሉኝም፤ ሰው ላይ ቢደረግ ንቀት ነው። ድሉ ግን ከሰሌዳው የመጣ ነው። ማሽኑ የራሱን አቀማመጥ ከእውነቱ በላይ ገምቶ ነበር፤ ናካሙራ ያንን የተሳሳተ ግምት አየና ቀጣው። ራሱን አብልጦ የሚገምት ሰው አቻ ሲቀርብለት እምቢ ብሎ በቼዝ የሚሸነፈው ዘወትር ነው።

የማልቀበለው ነገር ሌላ ነው። ኮምፒውተሮች በኢንተርኔት የቼዝ መድረኮች ላይ እንደ ተጫዋች መግባት ከጀመሩ በኋላ አንዳንድ ሰዎች አንድ ፕሮግራም የሚወድቅባትን አንዲት መስመር ያገኙና ያንኑ ጨዋታ፣ እርምጃ በእርምጃ፣ ያለማቋረጥ ይደግሙታል። ፕሮግራሙ አይማርም፤ ይወድቃል፣ ደግሞ ይወድቃል። የሰውዬው የደረጃ ነጥብ ግን ያድጋል። እዚህ ላይ ማሽኑ ተበደለ ልል አልችልም፤ የሚበደል ማንነት የለውም። የተበደለው ያንን የደረጃ ሠንጠረዥ አምኖ ተራውን የሚጠብቀው ሌላው ተጫዋች ነው፤ የሁሉም መለኪያ የሆነው ነጥብ ተበረዘበት። ግንኙነቱን ሆን ብሎ በማስተጓጎል ወይም ፕሮግራሙ እንዲቆም በማድረግ በሰዓት የሚያሸንፍም እንዲሁ ነው፤ የሠሪዎቹን ድካም ያለ ቼዝ ነጠቀ።

በ2000 ፍሪትዝ በኔዘርላንድ ብሔራዊ ሻምፒዮና ላይ እንዲወዳደር ሲፈቀድ ከተጫዋቾች ተቃውሞ የተነሳው ከዚሁ ጋር በሚቀራረብ ምክንያት ነው። ሰዎች ለሀገር ዘውድ በሚፎካከሩበት ውድድር መካከል ማሽን ሲቀመጥ፣ ፀረ ኮምፒውተር ስልት የተካነው በቀላሉ ነጥብ ሊሰበስብ፣ ያልተካነው ሊያጣ ይችላል። ዘውዱን የሚወስነው ሰው ከሰው ጋር ያለው ብልጫ መሆኑ ይቀርና ሌላ ችሎታ ይገባበታል። በሄግ ከተማ ከ1986 እስከ 1997 ይካሄድ የነበረው የኤጎን ውድድር ግን ሰዎች በአንድ ወገን፣ ማሽኖች በሌላ ወገን ሆነው የሚጋጠሙበት ስለነበረ እንዲህ ያለ ቅሬታ አያስነሳም። ሁሉም ለምን እንደመጣ ያውቃል፤ እንደ ጆን ቫን ደር ዊል ያሉ የስልቱ ባለሙያዎችም ስም ያወጡት በዚህ ዓይነቱ ፍልሚያ ነው።

ስልቱ ዋጋ እንደሚያስከፍል መካድ አያስፈልግም። የማሽኑን ድክመት የሚያሳድድ ሰው የራሱን ብርታት ሊተው ይችላል። ካስፓሮቭ በ1997 የደረሰበት ይህ ይመስለኛል፤ ዕድሜ ልኩን ካዳበረው ጨዋታ ወጥቶ እሱም በማይመቸው ሜዳ ላይ ቆመ። በ2003 ግን፣ ኒውዮርክ ላይ ከኤክስ3ዲ ፍሪትዝ ጋር ሲገጥም፣ ሦስተኛዋ ጨዋታ ላይ ሁለቱን አስማማቸው። ሰሌዳው በወታደሮች ተዘጋ፤ ፍሪትዝ የሚያደርገው ጠፍቶት ጠጠሮቹን ሲያመላልስ ካስፓሮቭ በአንዱ ክንፍ ቀስ ብሎ ተጓዘና ሠሪዎቹ በ45ኛው እርምጃ እጅ ሰጡ። ተዘግቶም ቢሆን የካስፓሮቭ ጨዋታ ነበረ፤ ጫናው፣ ቦታ መንጠቁ፣ ሁሉም የእሱ ነው። ግጥሚያው 2 ለ2 ተጠናቀቀ።

ዛሬ በቼዝ ይህ ምዕራፍ ከሞላ ጎደል ተዘግቷል። ተዘጋ ስንል በምን ምክንያት እንደሆነ ማሰብ ይገባል። የዘጋው የሌቪ፣ የክራምኒክና የናካሙራ ዓይነት ሰዎች ያሳዩት ቀዳዳ ነው። ፕሮግራም ሠሪዎች እያንዳንዱን ሽንፈት ወስደው ደፈኑት፤ ማሽኖቹ የተዘጋ ሰሌዳ ማንበብ፣ ሩቅ ዕቅድ መገምገም ተማሩ። ከዚያ አልፈው ሊላ በተባለው የቼዝ ፕሮግራም ላይ የተመሠረቱ፣ ፈረስ ሰጥተው ሰውን ለመርታት ተብለው የሠለጠኑ ማሽኖች መጥተዋል። በትክክለኛ ስሌት የተሸነፈ አቀማመጥ ይዘው ሰው የሚደናገርበትን መንገድ ይመርጣሉ። ፀረ ሰው ስልት ማለት ይህ ነው፤ ማንም ፍትሐዊ አይደለም አላለም፣ ሊልም አይገባም።

ጎ በተባለው የሰሌዳ ጨዋታ ግን ጥያቄው እንደ አዲስ ተነስቷል። በ2022 ቶኒ ዋንግ፣ አዳም ግሊቭና ባልደረቦቻቸው ካታጎ የተባለውን፣ ከማንኛውም ሰው የሚበልጥ የጎ ፕሮግራም የሚረታ ሌላ ፕሮግራም አሠልጥነው አወጡ። የመጀመሪያው መንገዳቸው ካታጎ አሸንፌያለሁ ብሎ ቀድሞ እጁን እንዲያሳርፍ ማድረግ ነበር፤ በጥብቁ የነጥብ አቆጣጠር ሕግ ሲቆጠር ግን ተሸናፊ ይሆናል። የጎ ሰዎች ተቃወሙ። ሰው ከሰው ሲጫወት እንዲህ አይቆጠርም፣ ይህ በሕግ ፊደል መጠለል ነው አሉ። ተቃውሟቸው ትክክል ነበር ብዬ አምናለሁ፤ ድሉ የመጣው ከሰሌዳው ሳይሆን ከቆጠራው ነውና። ተመራማሪዎቹ ግን ክርክር ላይ አልቀሩም፤ ሌላ መንገድ ፈለጉና አገኙ። ካታጎ ጠጠሮቹን በትልቅ ክብ እንዲያሰልፍ ማድረግና ያንን ክብ ቀስ ብሎ መክበብ። ካታጎ ያ ክብ ሕያው ነው ብሎ ያምናል፤ መክበቢያው ሊዘጋ ሲል እንኳ አይደነግጥም፤ ከዚያ መላው ክብ በአንድ ጊዜ ከሰሌዳው ይነሳል። ይህን ማንም ከቆጠራ ጋር ሊያያይዘው አልቻለም። የተማረከው ጠጠር በዓይን ይታያል።

የሚገርመው፣ ካታጎን የረታው ያ ፕሮግራም በተራ አማተር የሚሸነፍ መሆኑ ነው። ጎ አያውቅም ለማለት ይቻላል፤ የሚያውቀው ካታጎን ብቻ ነው። ከጥናቱ ተሳታፊዎች አንዱ የሆነው አሜሪካዊው አማተር ኬሊን ፔልሪን ዘዴውን ተምሮ፣ በጨዋታው ወቅት የኮምፒውተር እርዳታ ሳይጠቀም፣ ከ15 ጨዋታ 14ቱን ማሸነፉ በፌብሩዋሪ 2023 ተዘገበ። በ2016 ሶል ላይ ሊ ሴዶልን 4 ለ1 ከረታው ከአልፋጎ በኋላ፣ የጎ ማሽን በሰው እጅ እንዲህ ይወድቃል ብሎ የጠበቀ ጥቂት ነው።

ፔልሪን ካታጎን ሲያሸንፍ ማን ተበደለ? ሠሪዎቹ አልተበደሉም። ቀዳዳውን ተቀብለው ፕሮግራሙን በእነዚያ አቀማመጦች ላይ ማሠልጠን ጀመሩ። ሌሎች ተጫዋቾችም አልተበደሉም፤ ዘዴው ለሁሉም ታትሟል፣ ማንም ሊሞክረው ይችላል። ተመራማሪዎቹ ከዚያ በኋላ የተጠናከሩትን የካታጎ ዓይነቶች ደግመው ፈተኗቸው። ለዚሁ ጥቃት ተብለው የተገነቡት መከላከያዎች እንኳ እንደገና በሠለጠነ አጥቂ ተሰበሩ፤ ውጤቱንም በ2024 አሳተሙ።